ኢንተርኔቱ አለ፣ ስሙ ግን አይገኝም፦ በአይፒቪ6 ኔትወርክ ላይ የሆስትኔም ፍለጋ ብልሽትን ደረጃ በደረጃ መፈለጊያ

«ኢንተርኔቱማ አለ። ቴሌግራም ይሠራል፣ ዩቲዩብ ይከፍታል። ያ የሒሳብ ፕሮግራም ብቻ ነው ሰርቨር አላገኘሁም የሚለው።» ራውተር በተቀየረ ወይም መስመር በታደሰ ሰሞን፣ ጅማ ላይ ኮምፒውተር የሚነካካ ሰው ይህን ስሞታ ከየአቅጣጫው ይሰማል፤ ከሄርማታ መርካቶ ሱቆች፣ ከቡና መጋዘኖች፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የመመረቂያ ፕሮጀክት ከሚሠሩ ተማሪዎች። የተለመደው መድኃኒት አይፒቪ6ን (ከአይፒቪ4 ቀጥሎ የመጣውን የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት) ማጥፋት ነው። ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ሰው የወደደውም ለዚህ ነው። ምኑ እንደተበላሸ ሳይታወቅ የተዘጋ ጉዳይ ግን በሚቀጥለው ላፕቶፕ ላይ ተመልሶ ይመጣል። አይፒቪ6 ብቻ በሚሰጥ ኔትወርክ ላይ ደግሞ ማጥፋት ማለት ከነጭራሹ ከኢንተርኔት መውጣት ነው። ስለዚህ ከማጥፋታችሁ በፊት የተሰበረውን ቦታ ፈልጉ።

አንድ ፕሮግራም የሰርቨር ስም (ሆስትኔም) ይዞ አድራሻ ሲጠይቅ ጥያቄው በብዙ እጅ ያልፋል። ፕሮግራሙ የሲስተሙን ላይብረሪ ይጠይቃል፤ ላይብረሪው መጀመሪያ ስምና አድራሻ በእጅ የሚጻፍበትን የሆስትስ ፋይል ያያል፣ ከዚያ በኮምፒውተሩ ላይ ወደተመዘገበው፣ ስምን ወደ አድራሻ ወደሚለውጠው የዲኤንኤስ ሰርቨር ይሄዳል (ብዙ ጊዜ ራሱ ራውተሩ ነው)፤ ራውተሩ ለኢንተርኔት አቅራቢው ሰርቨር ያስተላልፋል፣ እሱም እየጠየቀ እስከ ዶሜይኑ ባለቤት ሰርቨር ይደርሳል። የሚመለሰው መልስ ሁለት ዓይነት ነው፦ ባለ 32 ቢቱን የአይፒቪ4 አድራሻ የሚይዘው ኤ ሪከርድ፣ እና ባለ 128 ቢቱን የአይፒቪ6 አድራሻ የሚይዘው ኳድ-ኤ ሪከርድ። ሁለቱ የሚጠየቁት ለየብቻ ነው። አንዱ መልስ አግኝቶ ሌላው ሲጎድል ነው ጣጣው የሚጀምረው።

ትእዛዞቹንና የፋይል ስሞቹን እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ፤ ስትተይቡ ግን በላቲን ፊደል ነው።

1. የስሕተቱን መልእክት ቃል በቃል አንብቡ

«አልሠራም» የሚለው ሪፖርት ምንም አይነግርም። ቁጥሩን ወይም ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ፈልጉ፤ ፕሮግራሙ ደብቆት ከሆነ የሎግ ፋይሉን ክፈቱ።

ሊኑክስ ላይ ሦስት ቁጥሮች ይበቃሉ። ‑2 ስሙ አይታወቅም ማለት ነው። ‑3 ለጊዜው መልስ አልተገኘም ማለት ነው፤ የዲኤንኤስ ሰርቨሩ ዝም ብሏል ወይም ችግር ላይ ነኝ ብሏል። ‑5 ስሙ አለ፣ የተጠየቀው ዓይነት አድራሻ ግን የለውም ነው። ዊንዶውስ ላይ አቻዎቻቸው በቅደም ተከተል 11001፣ 11002 እና 11004 ናቸው። ልዩነታቸው ትልቅ ነው፤ 11004 ያየ ሰው ራውተር እያጠፋ ቢያበራ ጊዜውን ነው የሚያባክነው፣ ምክንያቱም ሰርቨሩ መልስ ሰጥቷል።

«ኮኔክሽን ተከልክሏል» ወይም «ኔትወርኩ አይደረስበትም» የሚል መልእክት ከመጣ ደግሞ የስም ፍለጋው አልቋል። ስሙ ተገኝቷል፣ የቀረው መገናኘቱ ነው። ቀጥታ ወደ 7ኛው ደረጃ እለፉ።

2. ጥያቄውን ፕሮግራሙ በሚጠይቅበት መንገድ ጠይቁ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። «ዲግ» እና «ኤንኤስሉክአፕ» ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው፣ ግን የሆስትስ ፋይሉንና የሲስተሙን ቅደም ተከተል ዘለው ቀጥታ ለዲኤንኤስ ሰርቨሩ ነው የሚጠይቁት። ፕሮግራማችሁ እንዲያ አያደርግም። ስለዚህ ዲግ አድራሻውን አምጥቶ ፕሮግራሙ ግን ስሙን ሊያጣ ይችላል፤ ዲግ አጥቶ ፕሮግራሙ ያገኘበትም አጋጣሚ አለ።

ሊኑክስ ላይ «ጌትኤንት ኤሆስትስ» ብላችሁ ስሙን አስከትሉ። ይህ ትእዛዝ ፕሮግራሞች የሚጠሩትን «ጌትአድርኢንፎ» የሚባለውን ፈንክሽን ነው የሚጠራው። ቀጥሎ «ኤሆስትስቪ4» እና «ኤሆስትስቪ6» የሚሉትን ለየብቻ ሞክሩ። ዊንዶውስ ላይ «ፒንግ ‑4» እና «ፒንግ ‑6» ለዚህ ይበቃሉ፤ ፒንጉ ባይመለስም ግድ የለም፣ እኛ የምንፈልገው የመጀመሪያው መስመር ላይ አድራሻ መጻፉን ነው። ፓይተን ካለ ደግሞ የሶኬት ሞጁሉን አስገብታችሁ ያንኑ ጌትአድርኢንፎ በስሙና በፖርት ቁጥሩ ጥሩት፤ በየትኛውም ሲስተም ላይ ይሠራል።

አሁን ውጤቱን አነጻጽሩ። ጌትኤንትም ዲግም ካጡት ችግሩ ከኮምፒውተሩ ውጭ ነው፤ ወደ 4 እና 5 ሂዱ። ዲግ አግኝቶ ጌትኤንት ካጣ ችግሩ እዚሁ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ የሆስትስ ፋይሉ ውስጥ የተረሳ አሮጌ መስመር እንዳለ እዩ፤ ከዚያ «/ኢቲሲ/ኤንኤስስዊች.ኮንፍ» ውስጥ ሆስትስ የሚለው መስመር ላይ ዲኤንኤስ መኖሩን አረጋግጡ። በ«ሎካል» የሚያልቅ የቢሮ ስም ከሆነ ያ መስመር ውስጥ ያለው ኤምዲኤንኤስ (እዚያው ኔትወርክ ውስጥ ብቻ ስም የሚፈልገው) ጥያቄው ዲኤንኤስ ጋ ሳይደርስ «የለም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። መፍትሔው ለቢሮ ሰርቨሮች በሎካል የሚያልቅ ስም አለማውጣት ነው።

ሁለቱም አግኝተው ፕሮግራሙ ብቻ ካጣ፣ ፕሮግራሙ የራሱ ጠባይ አለው ማለት ነው፤ 8ኛውን ተመልከቱ።

3. ሰዓት ያዙ

ኅዳር ላይ፣ ቡናው ከየወረዳው በሚገባበት ሰሞን፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ያየሁት ይህ ነው። ሚዛን ላይ ያለችው ልጅ ኪሎውን ታስገባለች፣ ፕሮግራሙ አዲስ አበባ ያለውን ሰርቨር ጠይቆ ደረሰኝ ያትማል። አዲስ ራውተር ከገባ ወዲህ እያንዳንዱ ደረሰኝ ቆም እያለ ነው የሚወጣው። ቡና አቅራቢዎች ጆንያ እንደያዙ ተሰልፈዋል። «ወንድሜ፣ ሰርቨሩ ነው የደከመው ወይስ ይሄ ኮምፒውተር?» አለችኝ። ሁለቱም ደህና ነበሩ።

ከጌትኤንት በፊት «ታይም» የሚለውን አስቀድማችሁ ለኩ። ቪ4 ብቻ ሲጠየቅ ወዲያው መለሰ። ቪ6 ብቻ ሲጠየቅም ወዲያው መለሰ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲጠየቁ ግን 5 ሰከንድ ከትንሽ። ይህች 5 ሰከንድ ምንጯ ይታወቃል፦ የሊኑክስ ዋናው ላይብረሪ ጂሊብሲ አንድ የዲኤንኤስ ጥያቄ መልስ ሲያጣ፣ ሌላ ቁጥር ካልተሰጠው፣ የሚጠብቀው 5 ሰከንድ ነው፤ የሚሞክረውም ሁለቴ። ሌላ ሰርቨር ካልተመዘገበና መልስ ጭራሽ ከጠፋ 10 ሰከንድ ታያላችሁ። ብልሽታችሁ በ5 እና በ10 ላይ የሚያርፍ ከሆነ የስም ፍለጋ ነው፤ 3 ሰከንድ አንዴ፣ 8 ሰከንድ አንዴ ከሆነ ሌላ ነገር ፈልጉ።

ለምን ለየብቻ ሠርቶ አንድ ላይ ይቆማል? ጂሊብሲ የኤ እና የኳድ-ኤ ጥያቄዎችን በአንድ ሶኬት፣ ከአንድ ፖርት፣ ተከታትሎ ነው የሚልካቸው። አንዳንድ ራውተርና ፋየርዎል ከአንድ ፖርት የመጡትን ሁለት ጥያቄዎች እንደ አንድ ቆጥሮ አንድ መልስ ብቻ ያሳልፍና ሁለተኛውን ይጥለዋል። ላይብረሪው ሁለተኛውን መልስ እየጠበቀ 5 ሰከንዱ ያልቃል። እዚያ ፕሮግራም ላይ እያንዳንዱ ደረሰኝ አዲስ ኮኔክሽን ስለሚከፍት ጥበቃው በየደረሰኙ ተደገመ።

የኮምፒውተሩ መፍትሔ አንድ መስመር ነው፦ «/ኢቲሲ/ሪዞልቭ.ኮንፍ» ውስጥ «ኦፕሽንስ ሲንግል-ሪኩዌስት-ሪኦፕን» ብላችሁ ጨምሩ። መልሱ ሲጎድል ሶኬቱን ዘግቶ ለሁለተኛው ጥያቄ አዲስ ይከፍታል። ያም ካልበቃ «ሲንግል-ሪኩዌስት» ብቻውን ሞክሩ፤ ሁለቱን ጥያቄዎች ተራ በተራ ያደርጋቸዋል። ፋይሉን ኔትወርክ ማኔጀር ወይም ሌላ ፕሮግራም የሚጽፈው ከሆነ ኮምፒውተሩ ሲነሣ መስመራችሁ ይጠፋል፤ በዚያ ፕሮግራም ማስተካከያ በኩል አስገቡት። ፋይሉ ውስጥ ያለው ሰርቨር 127.0.0.53 ከሆነ ደግሞ ወደ ውጭ የሚጠይቀው ሲስተምዲ-ሪዞልቭድ ነው፤ ጂሊብሲ የሚያወራው ከእሱ ጋር ብቻ ስለሆነ ይህ መስመር አይረዳችሁም።

ትክክለኛው ጥገና ግን ራውተሩ ላይ ነው። ፈርምዌሩን (የራውተሩን የውስጥ ሶፍትዌር) አድሱ፤ ካልተሻለው ለኮምፒውተሮቹ ራሱን ሳይሆን ሌላ የዲኤንኤስ ሰርቨር እንዲያድል አድርጉት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ርካሽ ራውተር ውስጥ ያለው የዲኤንኤስ ማስተላለፊያ ከዕቃው ሁሉ ደካማው ነው።

4. ኮምፒውተሩ ማንን እየጠየቀ እንደሆነ እወቁ

ሊኑክስ ላይ «ሪዞልቭሲቲኤል ስታተስ»፣ ዊንዶውስ ላይ «አይፒኮንፊግ /ኦል»። ያልጠበቃችሁትን ሰርቨር ልታዩ ትችላላችሁ።

አይፒቪ6 ባለበት ኔትወርክ ላይ የዲኤንኤስ ሰርቨር አድራሻ በሁለት በር ይገባል። አንዱ የለመድነው፣ ለኮምፒውተሮች አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ ነው። ሌላው ራውተሩ ለሁሉም በሚያሰማው ማስታወቂያ ውስጥ ተጨምሮ የሚመጣው የአይፒቪ6 ዲኤንኤስ ነው። የቢሮው ቴክኒሻን ዲኤችሲፒው ላይ የውስጥ ሰርቨሩን ስም የሚያውቅ ዲኤንኤስ መዝግቧል እንበል። አዲሱ ራውተር ማንም ሳይጠይቀው ራሱን በአይፒቪ6 በኩል ሁለተኛ ዲኤንኤስ አድርጎ ያስተዋውቃል። የውስጡን ስም አያውቅም፣ ስለዚህ ሲጠየቅ «የለም» ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ሁለተኛ ሰርቨር የሚጠየቀው የመጀመሪያው ዝም ሲል ነው እንጂ «የለም» ሲል አይደለም። «የለም» በቂ መልስ ነው፣ ፍለጋው እዚያው ያበቃል። ኮምፒውተሩ የትኛውን አስቀድሞ እንደጠየቀ ጠዋት የሠራው ከሰዓት እምቢ ይላል፤ ወይም ዊንዶውሱ ሠርቶ ስልኩ እምቢ ይላል። አንድሮይድ የዲኤንኤስ አድራሻን ከዲኤችሲፒቪ6 (የአይፒቪ6 ዲኤችሲፒ) ስለማይወስድ የአይፒቪ6 ዲኤንኤሱን የሚያገኘው ከዚያ ማስታወቂያ ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ የተመዘገበ ሰርቨር ያንኑ ስም በዲግ ለየብቻ ጠይቁ፣ የሰርቨሩን አድራሻ በ«@» ምልክት አስቀድማችሁ። መልሳቸው ከተለያየ ጥፋተኛው ተገኘ። ራውተሩ ላይ ያን የአይፒቪ6 ዲኤንኤስ ማስታወቂያ ዝጉ፤ ወይም የቢሮውን ዲኤንኤስ አይፒቪ6 አድራሻ በቦታው አስገቡ። አይፒቪ6ን ራሱን መዝጋት አያስፈልግም።

ለማነጻጸሪያ ከውጭ ሰርቨር ስትፈልጉ ጉግል 2001:4860:4860::8888 አለው፣ ክላውድፍሌር 2606:4700:4700::1111። በአይፒቪ4 ደግሞ 8.8.8.8 እና 1.1.1.1። አንዱን ስም በሁለቱም መንገድ መጠየቅ ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ በአይፒቪ4 መልስ እየመጣ በአይፒቪ6 ዝም ካለ የታመመው የአይፒቪ6 መስመሩ ራሱ ነው።

የተመዘገበው ሰርቨር በኤፍ-ኢ-80 የሚጀምር ከሆነ አድራሻው በአንድ የኔትወርክ ካርድ ላይ ብቻ የሚሠራ ነው፤ መጨረሻው ላይ የ«%» ምልክትና የካርዱ ስም ሊኖር ይገባል። አንዳንድ ፕሮግራም ያንን ቅጥያ ቆርጦ ይጥልና የማይደረስበት ሰርቨር ይዞ ይቀራል።

5. ጥፋቱ የዶሜይኑ ባለቤት ሲሆን

አይፒቪ6 አድራሻ የሌለው ስም ኳድ-ኤ ሲጠየቅ ትክክለኛው መልስ «ስሙ አለ፣ ይህ ዓይነት ሪከርድ ግን የለውም» ነው። ዲግ ላይ ይህ ስታተሱ «ኖኤረር» ሆኖ የመልስ ብዛቱ 0 ሲሆን ይታያል። የተበላሸ ሰርቨር ግን «ኤንኤክስዶሜይን» ይላል፣ ስሙ ከነአካቴው የለም ማለት ነው። ይህን የሰማ ሪዞልቨር (ስም ፈላጊው ሶፍትዌር) ኤ ሪከርዱንም ጭምር እንደሌለ ሊቆጥረው መብት አለው። ሌላው ብልሽት «ሰርቭፌል» መመለስ ወይም የኳድ-ኤ ጥያቄን ሲያዩ ዝም ማለት ነው። የሚያስገርመው ይህ ጥፋት በ2005 በአርኤፍሲ 4074 ተዘርዝሮ የተጻፈ መሆኑ ነው፤ ጭነት የሚያከፋፍሉ አሮጌ ሰርቨሮች ላይ ዛሬም ይገኛል።

«ዲግ +ትሬስ» ብላችሁ ኤውንም ኳድ-ኤውንም ጠይቁ። ኤው መልስ ሰጥቶ ኳድ-ኤው ኤንኤክስዶሜይን ካለ ማስረጃው በእጃችሁ ነው፤ ለዶሜይኑ ባለቤት ላኩት። እስከዚያ የሆስትስ ፋይል ውስጥ አድራሻውን መጻፍ ይቻላል፣ ነገር ግን ከጎኑ ኮሜንት ጻፉ። ያለ ኮሜንት የተጻፈ የሆስትስ መስመር ሰርቨሩ አድራሻ የቀየረ ቀን የሚቀጥለውን ቴክኒሻን ያንከራትታል።

6. ኔትወርኩ አይፒቪ6 ብቻ ሲሆን

እዚህ ላፕቶፑ የአይፒቪ4 አድራሻ ጭራሽ የለውም። አይፒቪ4 ብቻ ያላቸው ሰርቨሮች ጋ የሚደረሰው በሁለት መሣሪያ ትብብር ነው፦ ዲኤንኤስ64 ለስሙ ሰው ሠራሽ የአይፒቪ6 አድራሻ ይፈጥርለታል፣ ናት64 ደግሞ ወደዚያ አድራሻ የሄደውን ፓኬት ወደ አይፒቪ4 ይለውጠዋል።

መኖሩን ለማወቅ የተዘጋጀ ስም አለ፣ «አይፒቪ4ኦንሊ ዶት አርፓ»። እውነተኛ አድራሻዎቹ 192.0.0.170 እና 192.0.0.171 ብቻ ናቸው፤ ኳድ-ኤ የለውም። ኳድ-ኤውን ስትጠይቁ መልስ ከመጣ ዲኤንኤስ64 እየሠራ ነው። ካልመጣ፣ የጎደለው እሱ ነው።

አንድ ወጥመድ ልብ በሉ። ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ 8.8.8.8ን በእጁ ጽፎ ይተዋል። አይፒቪ6 ብቻ በሆነ ኔትወርክ ላይ ያ አድራሻ አይደረስበትም። በብልሃት የጉግልን ተራ የአይፒቪ6 ዲኤንኤስ ቢጽፍም ሰው ሠራሽ አድራሻ አይፈጥርለትም፤ ስለዚህ ግማሹ ድረ ገጽ ይከፍታል፣ ግማሹ አይከፍትም። ጉግል ለዚህ የለየው ሰርቨር 2001:4860:4860::6464 ነው፣ የሚጠቅመውም ኔትወርኩ መደበኛውን የናት64 ቅድመ ቅጥያ (የሰው ሠራሽ አድራሻዎቹን መነሻ) ሲጠቀም ብቻ ነው። ቀላሉ መንገድ የጻፋችሁትን አጥፍቶ ኔትወርኩ የሚሰጠውን መቀበል ነው።

በስም ፈንታ የአይፒቪ4 ቁጥር ኮዱ ውስጥ የተጻፈበት ፕሮግራም እዚህ አይሠራም፤ ቁጥር ዲኤንኤስ ጋ ስለማይሄድ ዲኤንኤስ64 አያየውም። አፕል ከሰኔ 2016 ጀምሮ አፕ ስቶር የሚገቡ አፖች በአይፒቪ6 ብቻ ኔትወርክ ላይ እንዲሠሩ ያስገደደው ይህን ሊያጠራ ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ግን 464ኤክስላት የሚባል መለወጫ ስላለ ያው ፕሮግራም ሊሠራ ይችላል። «ስልኬ ላይ ይሠራል» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

7. ስሙ ተገኝቶ መገናኘቱ ሲያቅት

ጌትአድርኢንፎ የሚመልሰው የአድራሻ ዝርዝር ነው፣ ብዙ ጊዜ አይፒቪ6 ከፊት ሆኖ። የአይፒቪ6 መስመሩ ከተሰበረ ብሮውዘሮች አይጨነቁም፦ ኮኔክሽኑ ሩብ ሰከንድ ያህል ከዘገየ ሁለተኛውን አድራሻ ጎን ለጎን ይሞክራሉ። ተራው ፕሮግራም ግን የመጀመሪያው ላይ ተቸክሎ ይቆያል፤ ሊኑክስ ላይ ከሁለት ደቂቃ በላይ ሊጠብቅ ይችላል። ክሮም እየከፈተ የሒሳብ ፕሮግራሙ የሚሞትበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። «ከርል ‑4» እና «ከርል ‑6» ብላችሁ ያንኑ አድራሻ ሞክሩ፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ መልሱን ታውቃላችሁ።

ተማሪዎችን የሚያስቸግረው ደግሞ «ሎካልሆስት» ነው። ሰርቨራቸው 127.0.0.1 ላይ ያዳምጣል፣ ፕሮግራሙ ሎካልሆስትን ጠይቆ ::1ን (የ127.0.0.1ን የአይፒቪ6 አቻ) ያገኛል፣ እዚያ ማንም የለም፣ «ኮኔክሽን ተከልክሏል»። ኖድ ጄኤስ ከ17ኛው ቨርዥን ጀምሮ አድራሻዎቹን እንደመጡበት ቅደም ተከተል ስለሚወስድ ትናንት የሠራ ፕሮጀክት ቨርዥን ሲቀየር ቆመ። በስሙ ቦታ 127.0.0.1 ጻፉ፣ ወይም ሰርቨሩ ሁለቱንም እንዲያዳምጥ አድርጉ።

8. ፕሮግራሙን የምትጽፉት እናንተ ከሆናችሁ

«ጌትሆስትባይኔም»ን ተዉት፤ ፓይተን ላይም የሚመልሰው አይፒቪ4 ብቻ ነው። ጌትአድርኢንፎን ተጠቀሙ፣ የአድራሻ ቤተሰቡን ሳትወስኑ። የሚመጣውን ዝርዝር እስከ መጨረሻው ሞክሩ፤ የመጀመሪያውን ብቻ ወስዶ ሌላውን መጣል በጣም የተለመደው ጥፋት ነው። ስምና ፖርት ለመለየት በመጀመሪያው ሁለት ነጥብ አትቁረጡ፤ የአይፒቪ6 አድራሻ በሁለት ነጥብ የተሞላ ስለሆነ በ[::1]:8080 መልክ በቅንፍ ነው የሚጻፈው። ዳታቤዝ ውስጥ 15 ፊደል የሰጣችሁትን የአድራሻ ኮለም ወደ 45 አሳድጉት።

ጃቫ ከሆነ የማስነሻ ትእዛዙ ውስጥ «ፕሪፈርአይፒቪ4ስታክ» ትሩ ተብሎ እንደሆነ እዩ፤ በአይፒቪ6 ብቻ ኔትወርክ ላይ ፕሮግራሙን ጨርሶ ያግደዋል። በዶከር ውስጥ አልፓይንን የምትጠቀሙ ደግሞ ላይብረሪው ጂሊብሲ ሳይሆን መስል መሆኑን አትርሱ፤ በ3ኛው ደረጃ የጻፍኳቸውን ኦፕሽኖች አያውቃቸውም፣ ከ1.2.4 በፊት ያለው ቨርዥንም መልሱ ትልቅ ሆኖ ሲቆረጥ በቲሲፒ ደግሞ አይጠይቅም።

9. አጫጭር ስሞች ሠርተው ትልልቅ መልሶች ሲጠፉ

ፋየርዎሉ ላይ አይሲኤምፒቪ6 (የአይፒቪ6 የስሕተት መልእክቶች የሚሄዱበት) ተዘግቶ እንደሆነ እዩ። በአይፒቪ6 ራውተሮች መንገድ ላይ ፓኬት አይቆራርጡም፤ «ትልቅ ነው» የሚለውን መልእክት ለላኪው ይመልሳሉ፣ እሱ ከታገደ ፓኬቱ ዝም ብሎ ይጠፋል። «ዲግ +ቡፍሳይዝ=1232» ብላችሁ ስትጠይቁ ከተስተካከለ ይኸው ነው።

ሁሉም አልፎ መጋዘኑ ዛሬውኑ መሥራት ካለበት፣ አይፒቪ6ን ከማጥፋት ይልቅ አይፒቪ4ን አስቀድሙ። ሊኑክስ ላይ «/ኢቲሲ/ጋይ.ኮንፍ» ውስጥ መጨረሻው 100 የሆነውንና በ«ፕሪሲደንስ» የሚጀምረውን መስመር ከፊቱ ያለውን «#» አንሡ። ዊንዶውስ ላይ «ዲሴብልድኮምፖነንትስ» የሚባለውን የሬጅስትሪ ዋጋ በዴሲማል 32 አድርጉና ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ፤ ማይክሮሶፍትም ከማጥፋት ይልቅ የሚመክረው ይህንኑ ነው።

ወደ ኢንተርኔት አቅራቢው ስትደውሉ «ኢንተርኔት አይሠራም» አትበሉ፤ ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ ይሏችኋል፣ ጥሪውም እዚያ ያልቃል። ስሙን፣ የተጠየቀውን ሰርቨር አድራሻ፣ የኤውንና የኳድ-ኤውን መልስ ለየብቻ፣ የወሰደውን ሰከንድ፣ እና ያው ጥያቄ ለ2001:4860:4860::8888 ሲቀርብ የመጣውን መልስ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ላኩ። ቀኑንና ሰዓቱን ስትጽፉ በኢትዮጵያ ሰዓት ይሁን በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር ግለጹ፤ እነሱ ሎጋቸው ውስጥ የሚፈልጉት በዚያ ነው።